መስኮት ላይ የዋለው እበት

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ እበት» ይሏታል። አትቀየማቸውም። «እናንተ የሰው ወሬ ስትለቅሙ እኔ የከብት ሆድ አነባለሁ» ብላ ታስቃቸዋለች። እውነቷን ነው፤ በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሃያ ስድስት ዓመት ጥርሷን የነቀለችበት ሥራ ነው። ከብት አርቢዎች የእበት ናሙና በፌስታል ያመጡላታል፤ እሷ በጨው ውሃ በጥብጣ፣ በማይክሮስኮፕ የትል እንቁላል ትቆጥራለች። እንቁላሉ ከበዛ ከብቶቹ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ካነሰ ይቀራል። ታዲያ እበቱ እንደመጣ ፍሪጅ መግባት አለበት። ሙቀት ካገኘ እንቁላሉ ይፈለፈልና የሚቆጠር ይጠፋል። ይህን ለስንቱ ስትለፈልፍ ኖራለች!

የሳተችው አንዴ ነው፤ እሱም በገዛ ወንድሟ።

ታናሽ ወንድሟ ወይፈን ያደልባል። አንድ ቅዳሜ የአምስት ሰዓት መንገድ ተጉዞ ናሙናውን ይዞላት መጣ። እናታቸው ከተቀበረች ወዲህ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ፌስታሉን ከላቦራቶሪው መስኮት ላይ አኖረችና ምሳ ልጋብዝህ ብላ ይዛው ወጣች። የእናታቸውን ንፍገት እያነሱ፣ ስኳሩን ቆልፋ ቁልፉን የት እንደደበቀች ራሷ የምትረሳውን እያነሱ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሲስቁ ዋሉ። በዚያው አውቶቡስ አሳፍራው ወደ ቤቷ ገባች።

ሰኞ ስትገባ ፌስታሉ ፀሐይ ላይ ነበር። ደነገጠች። ግን ያን ሁሉ መንገድ ዳግም ና ልበለው? አንጀቷ አልቻለም። ቆጠረች፤ እንቁላል የለም ማለት ይቻላል። «ከብቶችህ ደህና ናቸው» ብላ ደወለችለት።

በሁለት ወር ውስጥ ከሠላሳ አንዱ ወይፈኖች አሥራ ዘጠኙ በተቅማጥ መንምነው አለቁ። የተረፉትን ሸጦ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ። ሚስቱ «ዓይን እያለው የማያይ» እያለች በሰው ፊት ታዋርደዋለች። እሱም «እውነቷን ነው፣ ሲከሱ እያየሁ ዝም ያልኩ እኔ ነኝ» ይላል። እህቱ ይህን እየሰማች አራት ዓመት ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች። ፈሪ ነበረች፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ቀን ግን አልቻለችም። መጋዘኑ በር ላይ ካለችው የዘበኛ ክፍል ገብታ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረችው። ፌስታሉን፣ ፀሐዩን፣ ሰኞን፣ ሁሉንም።



«ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሚስትህም እኔው እነግራታለሁ» አለችው።

«እትዬ፣ ወይፈኖቹስ አለቁ፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ። «ግን ሲከፋኝ የማስባት አንዲት ቀን ነበረችኝ። ካንቺ ጋር ስንስቅ የዋልንባት ቅዳሜ። አሁን እሷንም ወሰድሽብኝ።»

ከውጭ የጭነት መኪና ጥሩምባ ነፋ። በሩን ሊከፍት ወጣ። መኪናው ገብቶ፣ በሩም ተዘግቶ፣ እሷ እዚያው አግዳሚው ላይ ጠበቀችው። ተመልሶ አልገባም።