የዶን ዊልፍሪዶ አዲስ አደራደር

ዶኛ ኤርሜሊንዳ በኮንሴፕሲዮን ከተማ የቤትና የመሬት መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድ ፋይል ጠፍቶባት አያውቅም። ባለፈው ወር ግን አዲሱ አለቃ ዶን ዊልፍሪዶ አያላ ከውጭ ያስመጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ባዘዘው መሠረት ፋይሉን ሁሉ በስም መጨረሻ አስደረደረ። በዶኛ ኤርሜሊንዳ አገር ደግሞ የስም መጨረሻ የእናት ወገን መጠሪያ ነው፤ የአባት ወገን ከፊቱ ይመጣል፤ ሰው ባጭሩ ሲጠራም በአባት ወገኑ ብቻ ነው። ውሎቹ ሁሉ እርስ በርስ የሚጠቃቀሱት በአባት ወገን ነው፦ «የአያላን ፋይል ተመልከት» እያሉ።

«ኧረ ይሄ ነገር መላ ቅጡን ያጣል!» ብላ ጮኸች። ማን ሰምቷት!

ማክሰኞ ጠዋት ማቴ የሚባለውን ቀዝቃዛ የቅጠል መጠጧን እየመጠጠች ሳለ ዶን ዊልፍሪዶ ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«ዶኛ፣ የአባቴ ቤት ፋይል የለም! ሦስት ቀን ሙሉ አያላ ሥር ስፈልግ ከረምኩ።»

«አያላ ሥርማ ምን ሊሠራ? እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስነሱት! የአባትዎ እናት ማን ይባላሉ?»

«አያቴ? እማማ ኒኒ ነበር የምንላት።»

«ኒኒ የሚባል መደርደሪያ የለኝም። የወገን መጠሪያቸውን ነው የጠየቅሁዎት።»

«ከእማማ ኒኒ ሌላ ጠርተናትም አናውቅ» አለ ዶን ዊልፍሪዶ።

«ወይ ጉድ! የከተማውን ሰው ሁሉ በእናቱ ደርድረው ሲያበቁ የገዛ አያትዎን ስም አያውቁም?» ስልኩን ወደ እሱ ገፋችው። «በሉ እናትዎ ጋ ይደውሉ። አያትዎ አማታቸው አይደሉ? እሳቸውስ አይረሷቸውም።»