አባቴ ያስቀራት ስንጥቅ

ሱሉልታ ያለው ቤቴ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቀቢው የውጭ ግድግዳውን ስንጥቆች በስቱኮ ሲደፍን፣ የእርጥብ ግድግዳ ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

ሰባት ዓመቴ ነው፤ ቡራዩ። አባቴ ሳንባውን ታሞ ተኝቷል። እናቴ ኖራ ከመቀባቷ በፊት፣ ብርድ እንዳይገባበት የጭቃ ቤታችንን ስንጥቆች ከውጭ ትመርጋለች። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የብርሃን ክሮች ብርድ ልብሱ ላይ አንድ በአንድ ሲጠፉ አያለሁ። የመጨረሻዋ ልትጠፋ ስትል፣

«እቺን ተዪልኝ» አላት በደከመ ድምፅ። «በሷ ነው ወጣ የምለው።»

በዚያች ቀዳዳ እንዴት እንደሚሾልክ ሳስብ ዋልኩ።  እናቴ ከግድግዳው ማዶ የጀመረችውን ጭቃ በጣቷ ጠረገችው፤ ብርሃኑም ደረቱ ላይ አረፈ።

አባቴ ለመስቀል አልደረሰም። እናቴ ግን ያንን ቤት እስክንለቅ ድረስ ስንጥቋን አልደፈነቻትም።

«እትዬ፣ የቀረ ስንጥቅ አለ?» አለኝ ቀቢው።

አንዲቷን ቀጭን ስንጥቅ በጀርባዬ ከልዬ «የለም» አልኩት።