የሐጎስ ጆሮ

በስተርጅናዬ አባት አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ሲሪንቃ ኬላ ላይ አገኘሁ።

መድፉ ሲበረታ ከሐጎስ ጋር ወልድያን ለቀን በእግራችን ወደ መርሳ ወረድን። አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰላሳ ዓመት አብረን ሠርተናል። በሁለት ዓመት ብበልጠውም ቀድሞኝ ሸብቷል። ትውልዱ ትግራይ ነው፤ አማርኛው እስከ ዛሬ ትግርኛ ትግርኛ ይላል። ኬላው ላይ ደግሞ ሰውን በአነጋገሩ እየለዩ ያስቀሩ ነበር።

«ዝም በል» አልኩት። ለጠባቂው «አባቴ ናቸው፤ ጆሯቸው አይሰማም» አልኩ።

ጠባቂው ጆሮው ሥር ተጠግቶ «አባባ! ልጅዎ ነው?» ብሎ ጮኸበት። ሐጎስ አፈጠጠበት እንጂ ትንፍሽ አላለም። አሳለፉን።

ትንሽ እንደራቅን ሐጎስ ፈነዳ። «እኔ አባትህ? አንተ ጥርስህ ያለቀው ሽማግሌ!» መርሳ እስክንገባ ሲሰድበኝ፣ እኔም ስስቅ ሄድን።

የእህቴ ቤት በተፈናቃይ ሞልቷል። ሁሉም ቀና ብሎ አየን። ሐጎስን አይታው የማታውቀው እህቴ «እንኳን በሰላም መጡ፤ ከየት ነዎት አባቴ?» አለችው።

ፈገግ ብሎ ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ቀደምኩት።

«ደንቆሮ ነው» አልኳት።