የሁለት ጾመኞች ዓሣ

ባለፈው ሳምንት ከኤርፖርት ያነሳኋት ተሳፋሪ ገና በሩን ሳትዘጋ አፍንጫዋን ያዘችና መስኮቱን እስከ ታች አወረደችው። መኪናዬ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ለማጥመጃ የምገዛቸው ትንንሽ ዓሦች ያሉበት ባልዲ ከኋላ ተደፍቶ ነበር፤ ሁለቴ ባሳጥበውም አልለቀቀም። ይቅርታ ጠየቅኳትና ነዳሁ። እሷ ንጹሕ አየር ስትፈልግ፣ እኔ ያንን ሽታ በረጅሙ እየሳብኩ ጎረቤቴን አስታወስኩ።

ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት በአርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ ደም ግፊቴን ለካና «አእምሮህን የሚያሳርፍ ነገር ፈልግ» አለኝ። ባለቤቴ «እንቅልፍ አይበቃህም?» ብላ ሳቀችብኝ። ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈራችን ፊት ለፊቴ የሚኖረው ጎረቤቴ ግን ወሬውን በሰማ ማግስት ሁለት የማጥመጃ ዘንግ ይዞ በሬን አንኳኳ። ፎርት ዎርዝ መጋዘን የሚሠራ፣ ቁመቱ በር የሚሞላ፣ ሲናገር የማይቸኩል የአዲስ አበባ ልጅ ነበር። እሱ ክርስቲያን፣ እኔ የወሎ ሙስሊም። አሥራ ሁለት ዓመት በር ለበር ስንኖር በዓል በመጣ ቁጥር እንኳን አደረሰህ እንባባላለን፤ ግን እሱ ያረደውን እኔ አልበላ፣ እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላ፣ አንድ ትሪ ላይ እጃችን ተገናኝቶ አያውቅም። ማንም ማንንም አልተቀየመም። ያደግነው እንዲሁ ነው።

ወሩ መጋቢት ነበር። ክራፒ የሚሏት ብርማ ዓሣ እንቁላሏን ለመጣል ወደ ዳር የምትጠጋው ያኔ ነው። ከቤድፎርድ ወዲያ ባለው ሐይቅ፣ ድልድዩ ሥር ታጣፊ ወንበሮቻችንን ዘርግተን እንቀመጣለን። ከላይ መኪናው ይጎርፋል፤ ከታች ውሃው ምሰሶውን ቀስ እያለ ይመታል፤ ብርሃኑ ከውሃው ላይ እየነጠረ የድልድዩ ሆድ ላይ ይርገበገባል። የመጀመሪያዋን በኃይል ጎትቻት ከንፈሯ ተቀደደና አመለጠችኝ።

«ፍሪዌይ ላይ አይደለህም ወንድሜ» አለኝ። «ሪላክስ አድርግ። የሷ ከንፈር ስስ ነው፣ ማለቴ... ዝም ብለህ አንሳት።»

በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ አንድ ላይ ገብተው ነበር። እስቲ አስበው፤ ሁለት የራባቸው ሰዎች የማይበሉትን ዓሣ ሲያጠምዱ ይውላሉ! አጠገባችን የሚቀመጡ አንድ ነጭ ሽማግሌ በመጡ ቁጥር ሳንድዊች ይዘረጉልናል፤ እኛም በመጡ ቁጥር «ኖ፣ ታንክ ዩ» እንላለን። በመጨረሻ እጃቸውን የተጸየፍን መስሏቸው ነው መሰለኝ ጓንት አጥልቀው ይሰጡን ጀመር። ጎረቤቴ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ።

እንባውን ጠርጎ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረና «ስማ» አለኝ፣ «ዓሣ እኮ አራጅ የለውም። ያንተም አይደል፣ የእኔም አይደል። ሶ፣ አብረን እንበላለና!»

ይህ ቀላል ነገር እስከዚያ ቀን እንዴት እንዳልታየኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከዚያ ወዲህ ያጠመድነውን ሁሉ አጽድተን እኔ ቤት ፍሪዘር ውስጥ እናስቀምጥ ጀመር። ኢድ ደረሰ፣ እኔ ጾሜን ፈታሁ። ባለቤቴ «ልጥበሰው?» ብትለኝ አይሆንም አልኳት። የእሱ ጾም እስኪፈታ፣ ፋሲካ እስኪደርስ እጠብቃለሁ። «እንግዲህ አንተም ሁዳዴ ያዝክ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እኔ ግን ያንን ቀን እንደ ልጅ ነበር የምጠብቀው።

ለፋሲካ ስምንት ቀን ሲቀረው ጎረቤቴን በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሲያትል ያለችው ልጁ ያለ ቀኗ ወልዳለች።

«ወደ ሲያትል ሙቭ ላደርግ ነው» አለኝ። «ሕፃኑ ኢንኩቤተር ውስጥ ነው፤ እሷ ብቻዋን ናት።»

«መቼ?»

«ነገ ጠዋት።»

ቢያንስ እስከ ፋሲካ ቆይ ልለው አሰብኩና ተውኩት። ሕፃን ታሞ ስለ ዓሣ ምን ተብሎ ይወራል? በማግስቱ ዕቃውን አብረን ጫንን። አቀፈኝ፤ መኪናው ግቢውን ዞሮ ሲወጣ እጁን በመስኮት አውጥቶ ነበር።

ሕፃኑ ደህና ሆኖ ዛሬ ይሮጣል። እኛም እንደዋወላለን፤ የልጅ ልጁን ድምፅ ያሰማኛል፣ ስለ ሐይቁ ይጠይቀኛል። ይናፍቀኛል። ወንበሬን ስዘረጋ አሁንም ለእሱ ቦታ እተዋለሁ።

ያን ዓመት የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ዓሣውን ጠብሳ በትልቁ ትሪ አቀረበችው። አንድ ጉርሻ ጎረስኩና ቀና ሳልል ቀረሁ።

«ምነው፣ ጨው አነሰው?» አለችኝ።

«አላነሰውም» አልኳት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን ልንበላው እንችል ነበር።