መንጋጋ የሌለው ዓሣ

እዚሁ አሶሳ ኮሌጅ የምትማረው የልጅ ልጄ ቤተ ሙከራ ወሰደችኝ። በማይክሮስኮፕ የዓሣ ደም ስር የውስጥ ሽፋን አየሁ። ስስ ሴሎች እንደ ቀርከሃ ምንጣፍ ጎን ለጎን ተነጥፈዋል።

«ኋላ ቀር ዓሣ ነው» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እኛንም መንጌ ወረዳ ሳለን የከተማ ሰዎች እንዲሁ ይሉን ነበር።

«ማን ፈረደበት?»

«መንጋጋ የለውም እኮ፣ እማማ።»

«እኔስ ጥርስ አለኝ? በይ የሰውንም አሳዪኝ።»

አሳየችኝ። የሰውም ያው ምንጣፍ ነው፤ እያፈራረቅኩ ባይ መለየት አቃተኝ።

«የዓሣው ከሰው በፊት የነበረ ነው» አለች።

«ቀድሞ የነበረው እንዴት ኋላ ቀር ይባላል?» አልኳት። እስከ ቤት አሰብኩበት፤ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ፣ ቢያንስ እኔ ፊት፣ «ጥንታዊ ዓሣ» ትለዋለች።