ለአማት የቀረበ ዛጎል

ካልታንግ በደሴቱ የሚፈራ ሰው ነበር። በጉልበቱ አይደለም፣ ነገር በማያመልጠው ዐይኑ ነው። ሽማግሌዎቹ ዓሣውና ሥጋው የሚበላው ዛጎል ይርባ፣ ማንም አያጥምድ ብለው በኮራሉ ድንጋይ ዳር በቆመው ግንድ ላይ የክልክል ቅጠል ካሰሩ ወዲህ ዘቡ እሱ ነው። በዚያ ውሃ እጁን የነከረ ሁሉ፣ የገዛ አጎቱ ሳይቀር፣ ሰው ፊት ቆሞ ተቀጥቷል። ሲያስቀጣ ደግሞ ምክሩ ከቅጣቱ ይረዝም ነበር።

ታዲያ አማቱ፣ የሚስቱ አባት ማናሮቶ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከኤፋቴ ደሴት ተሻግረው መጡ። በማግሥቱ ነፋሱ ተነሣና ዓሣ የሚያጠምድ ጠፋ፤ ቤት ያለው በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣ ብቻ ሆነ። ለአማት የቆርቆሮ ዓሣ ከማቅረብ ሞት ይሻለኛል አለ ካልታንግ። ማለዳ ማንም ሳያየው ከተከለከለው ውሃ ሁለት ትልልቅ ዛጎል ፈልቅቆ አወጣ። ለሚስቱ ለሌይታሬ ካልተከለከለው ከሰሜኑ ዳር ያገኘሁት ነው አላት።

ማናሮቶ ገና ሲጎርሱ ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለ ወፍራም ዛጎል የት እንደሚገኝ ያውቃሉ፤ ዘቡ ራሱ ይሰርቃል ብሎ ደግሞ ማን ያስባል? ለካ ክልክሉ ተነሥቶ ባሕራችሁ ተከፍቷል፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አሉ። አማትን ተሳስተዋል ማለት በዚያ አገር ነውር ነው። ካልታንግ ጎደሬውን ወደሳቸው ገፋ አደረገና ዝም አለ፤ ዝምታውም አዎ ሆነ። ባሕር ሲከፈት የጋብቻ ዘመድ ሁሉ መጥቶ አብሮ ያጠምዳል።

ነፋሱ ጋብ ሲል ማናሮቶ ወደ አገራቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ታንኳ አስከትለው ተመለሱ፤ መረብ፣ ቅርጫትና ለመክፈቻው ድግስ የሚታረድ አሳማ ጭነዋል፤ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። ያ ሁሉ መረብ ውሃ ውስጥ ከገባ ስንት ዓመት የተጠበቀው ሁሉ ለምሽት አይተርፍም። ካልታንግ እየሮጠ ወገቡ ድረስ ገባና እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ ባሕሩ አልተከፈተም» አለ። «ያበላሁዎት የሰረቅኩትን ነው።»

ዘፈኑ ቆመ። ከኋላው መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ያያል፤ ያስቀጣው አጎቱም አለ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም፤ ውሃው ቢውጠው በወደደ።

«እንግዲህ የበላሁት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔም ነው» አሉ ማናሮቶ። «ምነው ልጄ፣ እኔ እኮ የቆርቆሮ ዓሣ እወዳለሁ።»

ቅጠሉን የጣሰ የሚከፍለው አሳማ ነው። ማናሮቶ አሳማውን አውርዱላቸው ብለው ታንኳቸውን አዞሩ። ሴቶቹ ባዶ ቅርጫታቸውን ታቅፈው ተመለሱ።

የቅጣት ሥጋ ሲታደል ጭንቅላቱ የዘቡ ድርሻ ነው። አጎቱ በቅጠል ጠቅልሎ በር ድረስ አመጣለት። ካልታንግ በሁለት እጁ ተቀብሎ ለሌይታሬ ዘረጋላት።

«የአባቴን ቅጣት እኔ አልቀቅልም» አለችና እጇን ወደ ኋላዋ ሰበሰበች።