ተከራይዬ በር ስታንኳኳ

ዛሬ ምሳ ላይ፣ ከበርሊን የመጣውን የአክስቴን ልጅ «በዚህ ዕድሜህ ገና በኪራይ?» እያልኩ ስስቅበት በሩ ተንኳኳ።

ተከራይዬ ነበረች። እዚህ እስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር የምትሠራ የልጆች እናት ናት። ጠዋት «ውሉ ሲያልቅ ቤቱን ልቀቂልኝ» ብዬ ጽፌላት ነበር። የበለጠ የሚከፍል ሰው ስላገኘሁ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«እህቴ፣ ልጆቹ የዘንድሮን ትምህርት እስኪጨርሱ ብቻ ታገሺኝ» አለችኝ። ግቢ እንኳ አላልኳትም። (እንግዳ አክባሪዋ ጎንደሬ እኔ ነኝ!)

«በሰደር፣ እሺ፣ አስብበታለሁ» ብዬ ዘጋሁባት።

ስመለስ የአክስቴ ልጅ መብላቱን ትቷል።

«እኛ ጋ እኮ ኪራዬን እስከከፈልኩ ድረስ አከራዬ እንዲህ ብድግ ብሎ አያስወጣኝም፤ ሕጉ አይፈቅድለትም። ልጆቼ ተወልደው ያደጉት እዚያው ቤት ነው። ታዲያ ምን ብዬ ልግዛ?»



የማከራየው ቤት እናቴ ያወረሰችኝ ነው። እዚሁ ፔታ ቲክቫ ቢሮ ስታጸዳ ኖራ ነው ማሽካንታውን፣ የቤቱን የባንክ ብድር፣ ከፍላ የጨረሰችው። ልጅ ሆኜ፣ አከራይ በመጣ ቁጥር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትለምን እሰማት ነበር። ቤቱን የገዛችው ዳግመኛ ላለመለመን ነው።

ያንን ድምፅ ዛሬ ከገዛ ደጄ ሰማሁት።

ለካ ጀርመኖቹ የሚከራዩት ቤት ጠልተው አይደለም። እኛም የምንገዛው ቤት ወደን ብቻ አይደለም፤ እንደ እኔ ያለ አከራይ ፈርተን ነው።

እናንተስ የገዛችሁት ወዳችሁ ነው ወይስ ሸሽታችሁ? የሸሻችሁትን አከራይ ንገሩኝ። እኔን ይመስል እንደሆነ ልየው።